የበሬሳ ወንዝ ሲሞላ ቦርድ ይዞ መውጣት፦ ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ ስምንት ጓደኛሞች ነን፣ ውጭ ያለ ወንድማችን ቆመው የሚቀዝፉበት የሚነፋ ቦርድ ሁለት ልኮልናል። በሬሳ በበጋ ውሃ ስለሌለው ሐምሌና ነሐሴ ሲሞላ እዛ እንጀምርና ስንለምድ ወደ ጀማ ወንዝ እንወርዳለን ብለናል። ዋና የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን፣ ግን ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስር ገመድ ስላለው ብንወድቅም እሱን ይዘን እንመለሳለን። ላይፍ ጃኬት የግድ ነው ወይ? ቢልሃርዚያም ፈርተናል፣ አንዱ ጓደኛችን ከውሃ በወጣን ማግስት መድኃኒቱን ከዋጥን አይዘንም ይላል፣ እውነት ነው?»

ሐምሌ ላይ በሬሳ አይሆንም። ጀማም አይሆንም። ገመዱም እናንተ ያሰባችሁትን ሥራ አይሠራም፣ እንዲያውም ወንዝ ላይ ሰው ከሚያሰምጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ላይፍ ጃኬት የግድ ነው፣ የማግስቱ መድኃኒት ደግሞ ምንም አይፈይድም። ምክንያቱን ካልነገርኳችሁ ግን «አትሂዱ» የሚል ምክር ማንም እንደማይሰማ ስለማውቅ አንድ ባንድ ልሂድበት።

ሲሞላ ይመቻል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ በሬሳን በጥር የሚያይ ሰው ድንጋይ ድንጋዩን እየዘለለ ነው የሚሻገረው፣ ቦርድ ማሳረፊያ እንኳ የለውም። ግን ሙላት ማለት ጥልቀት ብቻ አይደለም፣ ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሰውነታችሁን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ ጉልበት ድረስ ያለ ውሃ ጎረምሳ የሚጥለው ለዚህ ነው። የሰሜን ሸዋ ወንዝ በዛ ላይ የራሱ ፀባይ አለው። አገሩን አስቡት እስቲ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ በሬሳም ጫጫም ሞፈር ውሃም ሜዳው ላይ የዋህ መስለው ይሄዳሉ፣ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ገደል ይገባሉ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ለመግባት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፣ ጀማ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ዓባይ። በምሥራቅ በኩልም ያው ነው፣ ሮቢና ከሰም ከጠርዙ ተነስተው ወደ አዋሽ ነው የሚወረወሩት። ተዳፋቱ ለዘመናት የታረሰና የተጋጠ ስለሆነ ዝናቡ አፈር ውስጥ ሳይሰርግ እንዳለ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በመሃል የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ኩሬ ኩሬ ነው ወይ ጎርፍ ነው፣ ለጀማሪ የሚሆን ለስለስ ያለ ሙሉ ውሃ እነዚህ ወንዞች አይሰጧችሁም።

ደራሽ ደግሞ አለ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ላይ ተራራው ጋ ሁለት ሰዓት ዘንቦ ከሆነ ግን ውሃው እናንተ ጋ ሲደርስ እንደ ግድግዳ ነው። ይሄ የክረምት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በምሥራቁ ተዳፋት የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ስለሚጥል ወደ ሸዋሮቢት በኩል ደረቅ አሸዋ የነበረ ወንዝ ባንድ ከሰዓት ሊሞላ ይችላል። ወንዝ ዳር በሄዳችሁ ቁጥር፣ ለሽርሽርም ቢሆን፣ ይሄን ልመዱ፦ ልክ ውሃው ጠርዝ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፣ በየጊዜው እየተመለሳችሁ እዩት። ድንጋዩ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከተዋጠ፣ ወይም ንጹሕ የነበረው ውሃ ባንዴ ቡና ቢመስል፣ ወይም ሣርና ጭራሮ ተንሳፎ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ሳትለቅሙ ወደ ላይ ውጡ። እረኞቹ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «ዛሬ ላይ በኩል ዘንቧል» ካላችሁ እሱን እመኑት እንጂ ስልካችሁ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አፕ አትመኑ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የሚባለው እዚህ አገር ላይ ሁሌም እውነት አይደለም፣ አንዳንዴ ሳያስቅም ይወስዳል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የመስኖ መጥለፊያ ነው። ከዳር ስታዩት ግማሽ ሜትር የምትሆን የድንጋይ አጥር ናት፣ ውሃው ላይዋ ላይ ለስልሶ ይፈሳል፣ ምንም አትመስልም። ሲሞላ ግን ከሥሯ ውሃው ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ የወደቀበትን ሰው ወደ ግድግዳው እየሳበ ደጋግሞ ያጠልቀዋል፣ ጃኬት ያደረገ ጎበዝ ዋናተኛም ከዛ አይወጣም። ቦርድ ላይ ሆናችሁ ስትመጡ ደግሞ ጠርዙ ላይ እስክትደርሱ ድረስ አትታያችሁም። ከከተማው በታች ያለው በሬሳ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፣ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ጀማሪ በቀን አሥር ጊዜ ይወድቃል፣ በወደቀ ቁጥር አንድ ጉንጭ ይጠጣል፣ ታይፎይድና አሜባ ለመያዝ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ወደ ገመዱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከጻፋችሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ሊሽ የተሠራው ለሐይቅና ለባሕር ነው፣ እዛ ላይ ነፍስ አዳኝ ነው፣ ምክንያቱም ከቦርዱ ስትወድቁ ነፋስ ባዶ ቦርድን ከዋናተኛ ፍጥነት በላይ ይዞት ይሄዳል፣ ሊሽ ካለ ግን ቦርዱ ከናንተ ሁለት ሜትር ተኩል ወይ ሦስት ሜትር አይርቅም። የሚሄድ ውሃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቦርዱ በድንጋዩ በስተግራ እናንተ በስተቀኝ ካለፋችሁ፣ ወይም ገመዱ የወደቀ ግራር ቅርንጫፍ ላይ ከተጠመጠመ፣ ውሃው ሁለታችሁንም ወደ ታች ይጎትትና ገመዱ እንደ ክራር ይወጠራል፣ እናንተ ደግሞ ጭንቅላታችሁ ወደ ታች እግራችሁ ወደ ላይ ሆኖ ተዘርግታችኋል። በዛ ሁኔታ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይኛው ወንዝ በኩል ተዘርግቶ ያለ ቁርጭምጭሚትን መንካት አይቻልም፣ ሆዱ የፈረጠመ ስፖርተኛም አይችልም። ለወንዝ የሚሆነው ወገብ ላይ የሚታጠቅ፣ ከፊት ለፊት ኳስ የመሰለች መሳቢያ ያለችው፣ በአንድ እጅ ስቦ ባንዴ የሚፈታ ቀበቶ ነው፣ እሱም ደጋግሞ ለተለማመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደለም። እናንተ የተላከላችሁ ከቦርዱ ጋር አብሮ የሚመጣው ጥምዝምዙ የእግር ሊሽ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሐይቅ ላይ ተጠቀሙበት፣ ወንዝ ዳር ይዛችሁት አትሂዱ።

ላይፍ ጃኬት ለስምንታችሁም፣ ዋና ለሚችሉትም። ባዶ ጀሪካን ጀርባ ላይ ማሰር፣ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ይዞ መግባት፣ እነዚህን ተዉአቸው፣ ጀሪካን ፊታችሁን ወደ ውሃ ሊደፋው ይችላል፣ ላስቲኩም ስትደነግጡ ከእጅ ያመልጣል። ጃኬቱ ልክ መሆኑን የምታውቁት ሱቅ ውስጥ አይደለም፣ ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ቁሙና ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፣ አገጫችሁን አልፎ ጆሮ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ ማሰሪያውን አጥብቁ ወይ ቀይሩት። እያንዳንዱ ጃኬት ላይ ፊሽካ ይታሰር።

ጃኬት ስላለን ዋና አያስፈልገንም የሚለው ግን አይሠራም። ጃኬት አፍና አፍንጫችሁን ከውሃ በላይ ያቆያል እንጂ ወደ ዳር አይወስዳችሁም፣ ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ጃኬት ለብሶም ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ያጠገቡን ሰው ነው የሚይዘው። የእኔ መስፈርት ቀላል ነው፦ ልብስና ጃኬት ለብሶ በጀርባ አምስት ደቂቃ ተንሳፎ መቆየት፣ ሃምሳ ሜትር መዋኘት፣ ከዛ ከጥልቅ ውሃ ላይ ራስን ቦርዱ ላይ መልሶ ማውጣት። ይሄ የመጨረሻው ይናቃል፣ ግን ከሁሉ በላይ የምትለማመዱት እሱን ነው። ብዙው ጀማሪ የሚሳሳተው እጁን ቦርዱ ላይ አድርጎ እንደ አጥር ለመዝለል ሲሞክር ነው፣ እግሩ ከቦርዱ ሥር ይገባና ቦርዱ ይገለበጥበታል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን መያዣ በአንድ እጅ ያዙ፣ መጀመሪያ እግራችሁን ከኋላ እስኪንሳፈፍ ድረስ ምቱ፣ ሰውነታችሁ ውሃው ላይ ተጋድሞ ሲቀር ያን ጊዜ እየመታችሁ በሆዳችሁ ተንሸራተቱበት፣ ተሻግራችሁ በሌላው በኩል እስክትወድቁ አትሳቡ፣ ደረታችሁ መሃል ላይ ሲሆን እግራችሁን አዙሩት። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይሄን ማድረግ ያልቻለ ሰው ለመቆም አይሞክር፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅዘፍ፣ ነውር የለውም።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል፣ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት አደገኛዋ እንጂ ቆይቶ የሚመጣው መደንዘዝ አይደለም። ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ «አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቃል» የሚል አይጠፋም፣ የኛ አገር አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን የሚያሞቅ ይመስላችኋል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ እየላከ የቀረውን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። ደረቅ ጋቢ፣ ትኩስ ሻይ በስኳር፣ በቃ። አረቄው ቤት ሲገባ ይደረስበታል።

ቢልሃርዚያ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል፣ ውሃውን መጠጣት የለባችሁም፣ መርገጥ ይበቃዋል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ከ2,200 ሜትር ገደማ በታች ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላይ በብርዱ ምክንያት ያን ያህል አያሰጋም፣ ችግሩ እናንተ ለሙቀቱ ብላችሁ ወደ ቆላ ስትወርዱ ነው፣ ከሸዋሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው መስመር ያሉ ጅረቶችና ቦዮች የሚጠረጠሩ ናቸው። «ውሃው ረግቶ ንጹሕ ከሆነ የለበትም» የሚባለውም ተቃራኒው ነው፣ ቀንድ አውጣው የሚወደው ረጋ ያለ፣ ሣርና ደንገል ያለበት ዳር ነው። ስለዚህ የምትነሱበትን ቦታ ምረጡ፣ ሣር የሌለው ጠጠርማ ዳር ይሻላል፣ ላስቲክ ጫማ አድርጉ፣ ዳር ላይ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ አትዋሉ። በፎጣ ቶሎ መድረቅ ትንሽ ሊረዳ ይችላል ግን ተማምናችሁ የምትተኙበት አይደለም። የመድኃኒቱ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ፕራዚኳንቴል የሚገድለው የበሰለውን ትል ነው፣ ትናንት የገባውን ጨቅላ አይነካውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በማግስቱ መዋጥ ብርም መድኃኒትም ማባከን ነው። ከውሃው ከወጣችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ካለባችሁ በክብደታችሁ ልክ ይሰጧችኋል። በመሃል ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ሄዳችሁም «ውሃ ውስጥ ገብቼ ነበር» በሉ፣ ካልነገራችሁ ወባ ወይ ታይፎይድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

እሺ የት ይሁን? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ትልቅ ሐይቅ የለም፣ ይሄ ቢያስከፋም እውነቱ ነው። ለመስኖ የተሠሩ ትናንሽ ግድቦች በየወረዳው አሉ፣ ቀበሌውንና የውሃ ተጠቃሚዎቹን አስፈቅዳችሁ ልትለማመዱባቸው ትችላላችሁ፣ ግን ውሃ ከሚሳብበት ቱቦና ከማስተንፈሻው ሩቁ፣ ዳሩ ጭቃ ከሆነ እግር ይዞ ስለሚያስቀር አትግቡ፣ ሰው የሚጠጣው ግድብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። እኔ ብሆን ቢሾፍቱ ነው የምጀምረው። ባቦጋያ ወይም ሆራ፣ የሚወርድ ወንዝ የለም፣ ከደብረ ብርሃን ወደ 900 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች መግቢያ እየከፈላችሁ ያስገቧችኋል፣ ካያክ ያላቸውም አሉ። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። እነዚህ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፣ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ መሬቱ ይከዳችኋል፣ ስለዚህ «ዳር ዳሩን ነን» የሚባል ነገር የለም፣ ጃኬቱ መሬት ላይ እያላችሁ ይታሰር። ሁለተኛው ነፋስ ነው፣ ጠዋት መስተዋት የሚመስል ውሃ ከቀትር በኋላ ይረበሻል፣ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ራሱ ሸራ ነው። በ12 ሰዓት ተነሱ፣ በአራት ሰዓት ጨርሱ፣ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ ሂዱ፣ ደክሟችሁ ስትመለሱ እሱ ይገፋችኋል። ካቃታችሁ ተንበርከኩ፣ ካልሆነም በሆዳችሁ ተኝታችሁ በእጅ ቅዘፉ። በኢሬቻ ሰሞን ወደ ሆራ ቦርድ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የሰው በዓል ነው።

ቀጥሎ ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ፣ ከደሴ አለፍ ብሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቆንጆ ነው፣ ግን ሰፊ ነው፣ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ቢልሃርዚያም የሚነገርበት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። እዛ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታናግሩት ዓሣ አስጋሪዎቹን ይሁን፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚነሳ ይነግሯችኋል፣ መረባቸው የተዘረጋበትንም ያሳዩዋችኋል፣ የቦርዱ ፊን (ከሥሩ ያለው ክንፍ) መረብ ውስጥ ከገባ እናንተም ትወድቃላችሁ የሰው እንጀራም ትቀድዳላችሁ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል በቁምጣ ሙዚቃ ከፍታችሁ አትጠጉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሮችን ጠይቁ።

ስምንት ሰው በሁለት ቦርድ ብዙ ይመስላል ግን በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰው ውሃ ላይ ሲሆን ስድስት ጥንድ ዓይን ዳር ላይ አለ ማለት ነው፣ ስልክ ላይ ካላቀረቀራችሁ። ዋና የሚችሉት ሁለቱ ባንድ ላይ ውሃ ላይ አይውጡ፣ አንዱ ሁሌ ዳር ይቅር፣ እጁ ላይ 15 ወይ 20 ሜትር የሚንሳፈፍ ገመድ ይያዝ። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ ገመድ ይወርወር እንጂ ሰው አይግባ። ሦስት ጊዜ ፊሽካ እርዳታ ማለት ይሁን፣ ለቀልድ የነፋ የዛን ቀን ተራው ይለፈው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይውጣ፣ ክፍት ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የቆመው እናንተ ናችሁ፣ መቅዘፊያችሁም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ይሄን ክረምት እንዲህ አድርጉበት፦ ስድስታችሁ ገንዳ ፈልጉና ዋና ተማሩ፣ አዲስ አበባም ሶደሬም ገንዳ አለ፣ ሁለቱ ዋናተኞችም አብረው ገብተው ቦርድ ላይ መውጣትን ያለማምዱ፣ ገንዳው ከፈቀደ ቦርዱን ይዛችሁ ግቡ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ቢሾፍቱ። ወንዝን የሚቀጥለው ዓመት አንሱት፣ ያውም ኅዳር ታኅሣሥ ላይ፣ ውሃው ጠርቶ በታቆረበት ቦታ ብቻ፣ በወራጅ ውሃ ማዳን የሠለጠነ ሰው ይዛችሁ፣ እሱ ካልተገኘ አታንሱት። ጀማን ወደ ዓባይ በሚጠጋው ቆላ ክፍሉ አዞ ስላለበት ከነጭራሹ ከዕቅዳችሁ አውጡት።

ቦርዶቹን ግን አሁኑኑ ፈትሿቸው። ቤት ውስጥ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ንፏቸውና አንድ ሌሊት አሳድሯቸው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ ፓምፑ ብዙ ያስለፋችኋል፣ ፓምፑ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት። ጠዋት ግፊቱ በጣም ወርዶ ካገኛችሁት የሳሙና ውሃ ቫልቩና ስፌቱ ላይ ቀቡ፣ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ነው የሚያፈሰው፣ ቫልቩ ከሆነ በቁልፉ ይጠብቃል፣ ስፌቱ ከሆነ ግን ሱፐር ግሉ አይዘውም፣ የፒቪሲ ማስቲሽ ፈልጉ። ስትጓዙ አስተንፍሳችሁ ጠቅልሉት፣ ሸዋሮቢት ላይ ተነፍቶ መኪና ጣራ ላይ ታስሮ ጣርማ በርን የወጣ ቦርድ በከፍታው ብቻ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፣ ፀሐይ ሲታከልበት ስፌቱ ይለቃል።